የአይቸው የክርስትና ስም

ሰኔ ፭ ቀን ፲፱፻፹ ዓ.ም. በዕለተ ሰንበት፣ ከደባርቅ በስተ ምሥራቅ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቀው በአስታ ሜዳ፣ የኪዳነ ምሕረት ቅዳሴ ተፈጽሞ ሕዝቡ ከተሰናበተ በኋላ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም፤ እንደ ወትሮው ከቅጥሩ ውጪ፣ ከትልቁ ጽድ ሥር፣ የሳምንቱን ወሬ ሊሰማ ቆመ። ጉሙ ከስሜን ተራሮች ወርዶ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ሸፍኖት ነበር፤ ሰዉም በጋቢው ተጠቅልሎ፣ ዝናብ ያራሰውን ሣር እየረገጠ ይጠብቃል። የሚጠብቀው የምሥራች ስለነበረው አይደለም፤ የምሥራች ከዚያ አገር ከራቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ነገር ግን ክፉውንም ቢሆን ከሌላ አፍ ከመስማት ከመሪጌታ ላቀው አፍ መስማት ይሻላል የሚል ልማድ ነበረው።

መሪጌታ ላቀው በደረስጌ ማርያም ድጓ የተማሩ፣ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ የደብሩ መሪጌታ ሲሆኑ፣ የአስታ ሜዳ ገበሬ ማኅበር ጸሐፊም ነበሩ። ሁለቱ ሹመት እንዴት በአንድ ሰው ላይ እንደ ወደቀ ብዙ የሚተረክ አይደለም። በ፲፱፻፷፰ ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘማቾች ማኅበሩን ሲያቋቁሙ «መጻፍ የሚችል ማነው?» ብለው ጠየቁ፤ ሕዝቡም በአንድ ድምፅ ወደ እሳቸው ጠቆመ። እሳቸው ግን እጃቸውን አላወጡም ነበር። ከዚያ ወዲህ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት በውዳሴ ማርያም የከፈቱትን አፍ ከቀትር በኋላ በመንግሥት መመሪያ ይዘጉት ነበር።

ዜናው የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ ያንንም ሥርዓት ያወጣው መንግሥት አልነበረም። አስቀድሞ የሞተ ሰው ተዝካር፣ ቀጥሎ የጠፋ ከብት፣ ቀጥሎ የደቦ ተራ፣ በመጨረሻ የመንግሥት ጉዳይ ይነበባል፤ የመንግሥት ጉዳይ ቀድሞ ከተነበበ የሰው በግ ለመፈለግ ልብ የሚተርፈው አልነበረምና።

«የወይዘሮ እናናዬ ጥቁር በግ፣ ግራ ጆሮዋ የተተለተለ፣ ከማክሰኞ ጀምሮ አልተገኘችም» አሉ መሪጌታ። «ያየ ይናገር፤ የበላም ካለ ይናገር፤ የሐዋርያት ጾም ነውና ዕዳው እጥፍ ነው።»

ሕዝቡ ትንሽ ሳቀ። ቀጠሉ፤ የእርከን ሥራ ረቡዕ መሆኑን፣ ለማኅበሩ ሱቅ ጨው መምጣቱን፣ ሳሙና ግን አለመምጣቱንና መቼ እንደሚመጣም አለመጻፉን አነበቡ። ከዚያ ወደ መጨረሻው ወረቀት ደረሱ፤ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» በሚለው ጥሪ መሠረት እያንዳንዱ ቤት ለሠራዊቱ ስንቅ ሁለት ቁና በሶ እንዲያዘጋጅ የሚያዝ ነበር። ባለፈው ወር የታዘዘው አንድ ቁና ነበር። ማንም አላጉረመረመም፤ ማጉረምረምም ጉልበት ይጠይቃል።

ወሬው ሲያልቅ ወይዘሮ ሸዋነሽ ወደ ፊት ቀረበች። ባሏ አለኸኝ ከሞተ ቆይቷል፤ አንድ ልጇ አይቸው በጥቅምት ፲፱፻፸፱ ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ከተጠሩት አምስት የአስታ ሜዳ ወጣቶች አንዱ ነበር። ስሙን ከዚያው ከጽዱ ሥር ቆመው የጠሩት መሪጌታ ናቸው፤ ዳዊት ያስደገሙትም እሳቸው ነበሩ።

«መሪጌታ፣ ለእኔ የመጣ የለም?»

ይህን በየሰንበቱ ትጠይቃለች፤ እሳቸውም በየሰንበቱ «የለም እኅቴ፤ ለሚመጣው ሳምንት እግዚአብሔር ያውቃል» ይሏታል።

«የለም እኅቴ» አሉ። የቀረውን ቃል አልጨመሩም። ሸዋነሽ አንድ አፍታ ቆም ብላ ተመለከተቻቸውና ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። መሪጌታ ከኮታቸው ደረት ኪስ ውስጥ ያለውን ወረቀት በመዳፋቸው ተጭነው ቀሩ።

ወረቀቱን ትናንት፣ በቅዳሜ ገበያ፣ ከደባርቅ ራሳቸው ነበሩ ያመጡት። በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ለሊቀመንበሩ ለአቶ ይስማው አነበቡላቸው፤ ሊቀመንበሩ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቢቆጥሩም ከራሳቸው ስም ያለፈ ነገር ማንበብ አይወዱም፤ ማኅተሙን ግን ከአንገታቸው አያወርዱትም ነበር። ደብዳቤው አጭር ነው፤ ወታደር አይቸው አለኸኝ መጋቢት ፲ ቀን ፲፱፻፹ ዓ.ም. በሰሜን ግንባር በግዳጅ ላይ የተሰዋ ስለሆነ ከማኅበሩ አባላት መዝገብ እንዲሰረዝ፤ ጉዳዩ በምስጢር ተይዞ ለሕዝብ እንዳይነገር፤ ለቤተሰቡም ወደፊት በበላይ አካል እንደሚገለጽለት ያትታል።

ይስማው ወረቀቱን አጥፈው መለሱላቸው። ከዚያም፦

«ይህን እኔ አልሰማሁም፤ መሪጌታም አላነበቡም» አሉ።

«ፍትሐቱስ?»

«ፍትሐት የሚል ቃል በደብዳቤው ውስጥ አለበት?»

«የለበትም።»

«እንግዲያው የለም።» ይስማው ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «እኔ ድንጋይ የሆንሁ አይምሰልዎ። አለኸኝ አብሮ አደጌ ነበር። ግን ከእኔ በፊት የነበረው ሊቀመንበር በአንድ ቃል ሰበብ እንደ ሄደ ቀረ። እኔ ስድስት ልጅ አለኝ። ደክሞኛል መሪጌታ።»

መሪጌታም ደክሟቸው ነበር። ይሁን እንጂ የእሳቸው ጭንቅ ሌላ ነው። የሞተ ሰው በሦስተኛው ቀን፣ በአርባው፣ በሰማንያው፣ በመንፈቁና በዓመቱ ይታሰባል፤ ቄስ ፍትሐት ያደርስለታል፤ ዘመዱ ተዝካሩን ያወጣለታል። ከመጋቢት ፲ ሲቆጠር የአይቸው አርባው አልፏል፤ ሰማንያውም ግንቦት ፴ ቀን፣ ማንም ሳያውቀው፣ በእርሻ ቀን አልፏል። የቀረው መንፈቁ ነው፤ እሱም መስከረም ላይ ይውላል። ያ ልጅ ፍትሐት ሳይደርስለት በባዕድ መሬት ወድቆ መቅረቱን ሲያስቡ መሪጌታ እህል አልወረደላቸውም፤ «ስሙን ጠርቼ የሰደድሁት እኔ፣ ስሙን ሳላስጠራለት ልቅር?» እያሉ ከራሳቸው ጋር ተሟገቱ።

በማግሥቱ ሰኞ ወደ መምሬ ሰጠኝ ዘንድ ሄዱ። መምሬ ሰጠኝ ከሠላሳ አምስት ዓመት ያልዘለሉ፣ ከክፉው ቀን፣ ከ፲፱፻፸፯ ዓ.ም. ረኀብ በኋላ የተተኩ ካህን ነበሩ። ነገሩን በንስሐ መልክ ሰሙ፤ አዘኑም።

«ፍትሐቱን በቤተልሔሙ ጓዳ በዝግታ አደርሳለሁ፤ ማንም አይሰማም» አሉ። «ስሙን ብቻ ይንገሩኝ።»

«አይቸው።»

«እሱማ የማኅበሩ መዝገብ ስም ነው። የክርስትናውን ነው እንጂ።»

መሪጌታ ስሙን ፈለጉ፤ አጡት። እንደዚህ ያለውን ነገር ሊዘነጉ የማይገባቸው ሰው መዘንጋታቸው ራሳቸውን አስደነገጣቸው። የአይቸውን የክርስትና ስም አያውቁትም፤ ሲያስተምሩትም በቤት ስሙ ነበር የሚጠሩት። የሚያውቁት ሰዎች ሦስት ነበሩ፤ የነፍስ አባቱ የነበሩት አሮጌው ቄስ በክፉው ቀን ሞተዋል፤ የክርስትና አባቱ በዚያው ዓመት ለሰፈራ ወደ መተከል ተወስዷል፤ ሦስተኛዋ እናቱ ናት።

«ያለ ስም አይሆንም?»

«መሪጌታ፣ ይህን እኔ ነኝ ለእርስዎ የምነግርዎ? ያለ ስም የሚደርስ ፍትሐት አድራሻ የሌለው ደብዳቤ ነው።»

ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። በዚያ አገር የክርስትና ስም እንደ ቤት ስም በየሜዳው አይጠራም፤ ተደብቆ የሚኖር ስም ነው። ሰው በሕይወት ሳለ ለቁርባንና ለጸሎት፣ ሲሞት ለፍትሐት ይፈለጋል። ዘማች ልጅ ያላትን እናት «የልጅሽ የክርስትና ስም ማነው?» ብሎ መጠየቅ ማለት መርዶ መንገር ማለት ነው፤ ሌላ ፍቺ የለውም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አገርነሽ ነገሩን ከፊታቸው ላይ አንብባ ኖሮ ምሳ ላይ አወጣጣቻቸው። ስትሰማ በመጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥሎም ሐሳባቸውን ጠየቀች።

«ሁሉንም ሰው እጠይቃለሁ» አሉ መሪጌታ። «የምእመናን መዝገብ እንደ አዲስ ይጻፋል ብዬ የመንደሩን ሰው በሙሉ የክርስትና ስሙን አስመዘግባለሁ። ከሁሉ ጋር ስትጠየቅ አትጠረጥርም።»

«አንቱ ደብተራ ነዎት» አለች አገርነሽ። «ለደብተራ የክርስትና ስሙን አሳልፎ የሚሰጥ ሞኝ የት አገር አለ? መድኃኒት ሊያደርግበት ነው ይላል ሰዉ።»

«ለመዝገብ ነው እላለሁ።»

«ይተዉ ግድየለም። ሽማግሌ ይዘው ጎሕ ሲቀድ ከደጇ ይሂዱና እንደ ወጉ ይንገሯት። ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ።»

እውነቷን ነበር፤ መሪጌታም እውነቷን እንደሆነ ያውቃሉ። ዳሩ ግን ዐሥራ ሁለት ዓመት የመንግሥት ወረቀት ሲያነብ የኖረ ሰው፣ ሁሉም ከተጠየቀ አንዱ አይታወቅም የሚል የጽሕፈት ቤት ብልሃት ይለምዳል። ፈሪም ነበሩ፤ ይህንን ኋላ ራሳቸው ተናግረውታል። መርዶውን ሳይናገሩ ፍትሐቱን ማስደረስ፣ ሁለቱንም ጌታ ሳያስቀይሙ ማለፍ የሚቻል መስሏቸው ነበር።

ሰኔ ፲፪ ቀን በዓለ ሚካኤል ከእሑድ ጋር ገጥሞ ዋለ፤ ከጽዱ ሥር የቆመው ሰው ከወትሮው በዛ። መሪጌታ የእናናዬ በግ መገኘቷን አበሰሩ፤ የደቦውን ተራ አነበቡ፤ በሶው እስከ ወሩ መጨረሻ ተጠቃልሎ እንዲገባ አሳሰቡ። ከዚያም መዝገባቸውን ገለጡ።

«የደብራችን የምእመናን መዝገብ እንደ አዲስ ስለሚጻፍ፣ የሁሉም ሰው የክርስትና ስም ከዛሬ ጀምሮ ይመዘገባል። በአገር ያለውም፣ ለሥራ የወጣውም፣ በግዳጅ ላይ ያሉትም ጭምር።»

በግዳጅ ላይ ያሉትም ጭምር ያሉት ሸዋነሽ «የእኔ ልጅ እኮ እዚህ የለም» ብላ እንዳትሄድ ነበር። ቃሉ ከአፋቸው እንደ ወጣ ግን ያደረጉትን አወቁት።

ከአምስቱ ምልምሎች እናቶች አንዷ፣ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ፣ ከሴቶቹ መካከል ቀስ ብላ ተነሣች።

«የልጄን የክርስትና ስም ለምን ፈለጋችሁት?»

ወደ መሪጌታ ሁለት እርምጃ ቀረበች።

«ለምን ፈለጋችሁት ነው የምላችሁ! ልጄ ምን ሆነ? ተናገሩ እንጂ!» አለችና ሻሿን ከራሷ ላይ ነቅላ መሬት ወረወረችው። ደረቷን እየደቃች ጮኸች። ሌሎቹም ተከተሉ፤ አንዷ ፊቷን ነጨች፤ አንዷ ከጭቃው ላይ ተደፋች። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ጮኸ። በአንድ ጊዜ አምስት መርዶ ወረደ፤ ከእነዚያ ውስጥ ለአራቱ ምንም የሚያስረዳ ወረቀት አልነበረም። በሕይወት ላለ ልጅ ማልቀስ ደግሞ በዚያ አገር የከፋ ሟርት ነው።

ሊቀመንበር ይስማው የመሪጌታን ክንድ ጨብጠው «ጓድ መሪጌታ፣ ይዝጉት! ስሕተት ነው ይበሉና ይዝጉት!» አሏቸው በሹክሹክታ።

ይህን ቢያደርጉ ምናልባት ነገሩ ይበርድ ነበር። መሪጌታ ግን ማንጠግቦሽን ተመለከቱ፤ ክንዳቸውን አስለቀቁና ደብዳቤውን ከኪሳቸው አወጡ።

«ዝም በሉ! ስለ ኪዳነ ምሕረት ዝም በሉ! አንድ ነው! የመጣው የአንድ ልጅ ብቻ ነው!»

ጩኸቱ ቆመ። አምስቱም እናቶች የመሪጌታን አፍ ተመለከቱ፤ እያንዳንዷ ሌላዋ እንድትሆን እየለመነች። መሪጌታ ስሙን ለማንበብ ወረቀቱን ዘረጉ። ያ ሁሉ አዋጅ፣ ያ ሁሉ መዋጮ፣ ያ ሁሉ የምልምል ስም ያለፈበት ጉሮሮ አንዲት ስም አላሳልፍ አለ። ዓይናቸው ግን ሳይፈልጉ ወደ ቅጥሩ ግንብ ዞረ፤ የሰዉም ዓይን ተከትሎ ዞረ።

ሸዋነሽ አልጮኸችም ነበር። ግንቡን ተደግፋ ተቀምጣለች።

«መቼ ነው?» አለች።

«መጋቢት ዐሥር።»

በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ሕዝቡ ሁሉ ስትቆጥር ያያታል። «ፋሲካ ሚያዝያ ሁለት አልነበር?» አለች። «ልጄ ሞቶ እኔ ዶሮ አርጄ ፈሰክሁ። እልል አልሁ። አርባውም አለፈው፤ ሰማንያውም አለፈው፤ እኔ አረም ስነቅል።» ቀና ብላ አየቻቸው። «መሪጌታ፣ ባለፈው ሰንበት ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው? ጎሕ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ከደጄ ቆሞ፣ እህል ሳልቀምስ አልነበረም የሚነገረኝ? እንደ ጠፋ በግ በሜዳ ይለፍፉብኛል?»

መሪጌታ ከቆሙበት ወርደው በፊቷ በጉልበታቸው ወደቁ፤ ጥምጣማቸው ከጭቃው ላይ ተፈታ። ይቅር በይኝ እንኳ አላሉም፤ የሚባል አልመሰላቸውም።

ሸዋነሽ ተነሣች። አስቀድማ ወደ ማንጠግቦሽ ሄደችና ሻሿን ከመሬት አንሥታ፣ ጭቃውን አራግፋ፣ ራሷ ላይ አሰረችላት። «ተነሺ እቴ፤ ያንቺ አይደለም። ሰምተሻል? ያንቺ አይደለም፤ የእኔ ነው» አለቻት። ከዚያ ወደ መምሬ ሰጠኝ ዞረች።

«ተክለ ማርያም ነው፤ አባቴ። ተክለ ማርያም ብለው ይፍቱልኝ።»



በማግሥቱ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ የአስታ ሜዳ ሽማግሌዎች፣ አቶ ይስማውም ሳይቀሩ፣ ከሸዋነሽ ደጅ ቆሙ። የምታውቀውን እንደማታውቅ አድርገው፣ በወጉ፣ ቃሉን እየተቀባበሉ ነገሯት፤ እሷም ገና እንደ ሰማች ሆና ጮኸች። መንደሩም አብሯት አለቀሰ። መምሬ ሰጠኝ ያንለት ፍትሐቱን አደረሱ፤ መንፈቁም መስከረም ላይ በወጉ ዋለ።

መሪጌታ ላቀው መንፈቁን አላዩም። ምስጢር በማውጣትና ሕዝብ በማሸበር ተከሰው በሐምሌ ተወሰዱ፤ ሰባት ወር ታስረው፣ ወገባቸው ጎብጦ ተመለሱ። አቶ ይስማው ለምርመራ ሲጠሩ «ሽማግሌ ናቸው፤ ወረቀት ተሳክሮባቸው ነው» ብለው ነበር፤ የቻሉት ይህንኑ ነው። ዜና ማንበቡ ከላይ ለተላከ ካድሬ ተሰጠ፤ እሱም የመንግሥቱን ጉዳይ መጀመሪያ ስለሚያነብ ሰዉ ሳይሰማ መበተን ለመደ።

በ፲፱፻፹፫ ዓ.ም. ግንቦት ያ መንግሥት ወደቀ። ከቀሩት አራት የአስታ ሜዳ ልጆች ሁለቱ በእግራቸው፣ እግራቸው ተልጦ መጡ። የሁለቱ ወሬ ግን ጠፋ፤ ደብዳቤ የሚጽፍ መሥሪያ ቤትም፣ ደብዳቤ የሚደብቅ ሊቀመንበርም አልነበረምና። ከጠፉት አንዱ የማንጠግቦሽ ልጅ ነበር። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ሽማግሌዎች ተመካክረው ከደጇ ቆሙ፤ መምሬ ሰጠኝም የክርስትና ስሙን እንድትሰጣቸው፣ ነፍሱ እንዳትጎዳ፣ በስመ ሥላሴ ለመኗት።

«የእኔ አይደለም ተብያለሁ» አለቻቸው። «መሪጌታ በወረቀት አይተው፣ ሸዋነሽም በአፏ፣ በሚካኤል ቀን፣ ያንቺ አይደለም ብላኛለች። አንድ ብቻ ነው ተብሏል።»

መሪጌታ ላቀው ይህን ሲሰሙ ምርኩዛቸውን ይዘው ራሳቸው ሄዱ። ያ ቃል የዚያን ቀን ብቻ እንደነበረ፣ ያ ወረቀት ከዚያ በኋላ ስለሆነው ምንም እንደማያውቅ ሊያስረዷት ሞከሩ። ማንጠግቦሽ አክብራ አስቀመጠቻቸው፤ ጠላም ቀዳችላቸው። ንግግራቸውን ግን አልተቀበለችም፤ ከዚያ ዘመን የሰማችውን አንድ መልካም ዜና በራሱ በነጋሪው አፍ ልትሽረው አልፈቀደችም። እሳቸውም ሁለተኛ አልጠየቋት።

ስለዚያ ጦርነት ብዙ ተጽፏል፤ የግንባሮቹ ስም፣ የጄኔራሎቹ ስሕተት፣ የወደቀው ሠራዊት ብዛት በየመጽሐፉ ይገኛል፤ ቁጥሩም እስከ ዛሬ ያከራክራል። የአስታ ሜዳ ገበሬ ማኅበር መዝገብ በለውጡ ሰሞን ከጽሕፈት ቤቱ ጋር ተቃጥሎ አይቸው መሰረዙን የሚያሳየው መስመር እንኳ አልተረፈም። ተክለ ማርያም የሚለው ስም እናቱ እስክትሞት በየዓመቱ መጋቢት ፲ ቀን ሲጠራ ቆይቷል። የማንጠግቦሽን ልጅ የክርስትና ስም ግን ዛሬ በምድር ላይ የሚያውቀው ሰው የለም፤ በ፲፱፻፺፩ ዓ.ም. ስታርፍ፣ መምሬ ሰጠኝ ከራስጌዋ ተቀምጠው ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቋት፤ ሰምታቸዋለች፤ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።